ላዕልና ታህት

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የተለቀቀው ጥር 2015 ላይ ነበር። ከእኛ ትምህርት ቤት ያለፈ ተማሪ የለም። አንድም። ያን ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ብዙ ያወራ ሰው አልነበረም። ሁላችንም የምናስበው የተፈተኑትን ልጆች ነው።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጀመር ስም ጠራሁ። የጎደሉት ግን ሌሎች ሆኑ። የ9ኛ ክፍል ልጆች። ፈተናው ገና ከሦስት ዓመት በላይ የሚቀራቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት "በልግ ነው" አልኩ። በወሎ ደጋ የካቲት የበልግ ዘር ወር ነው። ልጅ ከትምህርት ቀርቶ አባቱን ያግዛል። ሁለተኛውንም ሳምንት "በልግ ነው" አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ አባት የልጃቸውን የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ሊወስዱ መጡ። ያኔ ነው የገባኝ።

በደቡብ ወሎ በአንድ ትንሽ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ስለ ተማሪ ቁጥርና ስለ ውጤት ሲወራ ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚወሩት። የምዝገባ ሪፖርት አለ። የውጤት ሪፖርት አለ። አንደኛው መስከረም ላይ ይላካል፣ ሌላኛው ዓመቱ ሲያልቅ። እኔ ግን ከዚያ የካቲት ወዲህ ሁለቱን ለይቼ ማየት አልቻልኩም። ውጤት ሲወድቅ ምዝገባ ይወድቃል። ምዝገባ ሲወድቅ መምህር ይቀነሳል፣ በጀት ይቀንሳል፣ ውጤቱም መልሶ ይወድቃል። ይህን ክብ ከውስጡ ሆኜ አይቼዋለሁ።

አባትየው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሩ ላይ ቆሙ።

"ይግቡ አባቴ" አልኳቸው።

"አይ መምህር፣ እቸኩላለሁ። የልጅቷን ወረቀት ብቻ ስጡኝ።"

ልጅቷን አውቃታለሁ። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ እጇን ከፍ ሳታደርግ መልሱን ደብተሯ ላይ የምትጽፍ ልጅ ናት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"እርስዎ ሒሳብ ነው አይደል የሚያስተምሩት? እስቲ አብረን እናስላው" አሉኝ። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። የቤት ኪራይ። ስንቅ። ደብተርና ዩኒፎርም። ውኃ የሚቀዳ ሰው ከቤት መጉደሉ። "ልጅቷ ከሰው ቤት ስታድር እናቷ እንቅልፍ የላትም። እሱንም ይቁጠሩት። ይህ አራት ዓመት ነው። ከዚያስ?"

ዝም አልኩ።

"የጎረቤቴ ልጅ 12 ጨርሶ መጣ። ዘንድሮ ከእኔ ጋር ነው የሚያርሰው። ለዚያውም እርፍ መያዝ ረስቶ። የሌላኛው ጎረቤቴ ልጅ 8ኛን ጨርሳ ሳዑዲ ገባች። ለአባቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራችላቸው። መምህር፣ ሒሳቤ ተሳስቷል?"

አልተሳሳተም ነበር። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ትምህርት መልካም ነው፣ ዕውቀት ብርሃን ነው ብዬ ልመልስላቸው እችል ነበር። እሳቸው ግን ይህን ከእኔ በላይ ያምናሉ። ባያምኑ ልጅቷን መጀመሪያውኑ 9ኛ ክፍል አያስመዘግቧትም ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ልጅቷን ደህና ሁኚ አላልኳትም።

ስለ 8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት አንድ ነገር ልበል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው 8ኛ ክፍል እንዲያጠናቅቅ ይጠይቅ ነበር። የታሰበው ልጆቹን ለመጠበቅ ነው። በእኛ አካባቢ ግን 8ኛ ክፍል የመንገድ ማብቂያ መስሎ ቀረ። ሰርተፍኬቱ ከፓስፖርት ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። 9ኛ ክፍል የሚመዘገቡ ሴቶች ከወንዶቹ ለምን እንደሚያንሱ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የማስታውሰው ያንን ላስቲክ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልግባ። ሒሳብ መምህር ነኝና ሳልነካቸው ማለፍ አልችልም።

በየዓመቱ 9ኛ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የምከልሰው ክፍልፋይ ነበር። በሥርዓተ ትምህርቱ መሠረት ይህ ገና በታችኞቹ ክፍሎች ያለቀ ጉዳይ ነው። ግን ብዙዎቹ ላዕልና ታህትን፣ ማለትም የክፍልፋዩን የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር፣ ይቀላቅላሉ። ላዕሉ ሳይነካ ታህቱ ቢያንስ ክፍልፋዩ ያድጋል ስላቸው ይገርማቸው ነበር። "ቲቸር፣ ምንም ሳይጨመር እንዴት ያድጋል?"

የአገሪቱን ውጤት እንዲሁ እዩት። በ2014 ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ከ845,188 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ 5.4 በመቶ። በ2017 ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ።

ዜናው የመጨረሻዋን ቁጥር ነው የሚያነብልን። 3.3፣ 3.2፣ 5.4፣ 8.4። ደስ ይላል። ያለፉት ልጆች በእርግጥም ጨምረዋል፤ ከ2015 እስከ 2017 ባሉት ሁለት ዓመታት ወደ 22 ሺህ የሚጠጋ ልጅ ተጨምሯል። ያን ማንም ሊነጥቃቸው አይገባም። ታህቱን ግን እዩት። በእነዚያው ሁለት ዓመታት የተፈታኙ ቁጥር በ259 ሺህ ቀንሷል። የ2017ቱን አላፊዎች በ2015ቱ ተፈታኝ ብናካፍላቸው 5.8 በመቶ ነው የሚመጣው። ይህ የእኔ የሰሌዳ ላይ ስሌት ነው፤ ይፋዊ መለኪያ አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ ያስነሳል። እነዚያ 259 ሺህ ወንበሮች ላይ ይቀመጡ የነበሩት ልጆች የት ናቸው?

ሁሉም በአንድ ምክንያት አልቀሩም። በእኛ ክልል ከነሐሴ 2015 ወዲህ ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል፤ ይህን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ቢሆንም ግጭቱ ሁሉንም አይገልጽም። ከግጭቱ በፊት በዚያች የካቲት ስማቸውን ጠርቼ ድምፅ ያጣሁባቸው ልጆች አሉ።

ከእኛ ትምህርት ቤት ተፈትነው ስላላለፉት ልጆችም ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። "የ2014 ተፈታኞች" ሲባል ሰነፍ ትውልድ እየተባለ ብዙ ተወርቷል። እኔ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አስተምሬያቸዋለሁ። 9ኛን የተማሩት በ2011 ነው፤ ደህና ዓመት ነበር። በ2012 10ኛ ሲደርሱ መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተማሩ ተባለ። በእኛ ቀበሌ መብራት ራሱ የለም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2011 በኋላ ቀረ። ስለዚህ ሁሉም ወደ 11ኛ አለፉ። የእኛ ትምህርት ቤት እስከ 10ኛ ብቻ ነበር። 11ኛና 12ኛ ተጨመረለት። ክፍል ተጨመረ ማለት ቤተ ሙከራ ተጨመረ ማለት አይደለም። መጋዘን የነበረው ክፍል ተጠርጎ "11ኛ" የሚል ጽሑፍ በኖራ ተጻፈበት። በ2013 ዘግይተው ጀመሩ። በ2014 12ኛ ሲገቡ ጦርነቱ ጥቅምት ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ማን የት እንደነበረ አላውቅም። ተመልሰን ስንገባ ወንበሮቹ ተማግደው ነበር። የተማሪዎች ውጤት የሚመዘገብበት ሮስተር ተቀዶ ሜዳው ላይ ተበትኗል። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሎጋሪዝም ተማሩ።

ከአራቱ ዓመት ሙሉ ሆኖ የተማሩት አንዱን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጥቅምት 2015 ላይ ለፈተና የተጓዙት።

ፈተናው በየትምህርት ቤቱ መሆኑ ቀርቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠቱን እደግፋለሁ። ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የገጠር መምህር ሁሉ ይቃወማል የሚመስላቸው አሉ። ከዚያ በፊት የነበረውን ኩረጃ አይቻለሁ። መልስ በስልክ ሲበተን ለራሷ ያነበበች ልጅ ነው የምትጎዳው። ማለፊያው 50 በመቶ መሆኑንም አልጠላሁትም። ድሮ መቁረጫው የሚወሰነው ዩኒቨርሲቲዎች መቀበል በሚችሉት ልክ ነበር። ስለዚህ ልጁ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚያውቅ ማንም አይጠይቅም። አዲሱ ፈተና እውነቱን ነግሮናል። የእኔ ቅሬታ እውነቱ ከተነገረ በኋላ በተደረገው ነገር ላይ ነው።

ከፈተና ሲመለሱ አንዱን ልጅ መንገድ ላይ አገኘሁት። "እንዴት ነበር?" ስለው ስለ ጥያቄዎቹ አልነገረኝም። "ቲቸር፣ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም" አለኝ። አልጋ ላይ ተኝቶ አነበበ። የቧንቧ ውኃ ደረጃ ሳይወርድ አገኘ። በቀን ሦስት ጊዜ በላ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "እዚያ አንድ ዓመት ብቆይ አልፍ ነበር" አለኝ። እውነቱን ይመስለኛል። እሱን የመሰለ ልጅ በክፍሌ ብዙ አልነበረም።

መብራቱ ለምን እንዲህ እንደገረመው ለማወቅ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ሳምንት ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ከትምህርት ቤቱ ሁለት ሦስት ሰዓት በእግር የሚያስሄድ ቦታ ናቸው። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ይከራያሉ። አንድ ክፍል ለአራት፣ አንዳንዴ ለአምስት። እሑድ ከሰዓት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። ሰኞና ማክሰኞ እንጀራው ደህና ነው። ረቡዕ ይሻግታል። የሻገተውን አራግፈው፣ አድርቀው ይበሉታል። ሐሙስ በሶ ነው። ዓርብ ከትምህርት በኋላ በባዶ ሆዳቸው ወደ ቤት ይጓዛሉ።

የመጀመሪያ ዓመት ሳስተምር ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹ ለምን እንደሚያንቀላፉ አልገባኝም ነበር። ተቆጥቻለሁ። አንዱን ከክፍል አስወጥቼዋለሁ። በኋላ ቤታቸው ሄጄ ሳየው አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ከባድ የምለውን ርዕስ ሁሉ ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት አደረግሁት። ሐሙስ ከሰዓት መልመጃ ብቻ። የክፍለ ጊዜ ድልድል ለሚያወጣው መምህር ይህን ስነግረው አልሳቀም። "እኔም እንዲያ ነው የማደርገው" አለኝ። እሱ ኬሚስትሪ ነበር የሚያስተምረው። ማንም ሳይነግረን ሁለታችንም ትምህርቱን በስንቅ ልክ ከፍለነዋል።

በአገራችን የትምህርት ቤት ምገባ በአብዛኛው ለአንደኛ ደረጃ ነው። ትክክል ነው፤ ትንንሾቹ ይቅደሙ። ግን የ16 ዓመት ልጅም ይርበዋል። ከቤቱ ርቆ፣ ለራሱ እያበሰለ፣ ባለቤት በሌለው ክፍል የሚያድር ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ለምን ሄደ ሲባል ብዙ ቃል መደርደር አያስፈልግም።

ስለ መምህራንም ልናገር። ትንሽ ትምህርት ቤት ላይ ለአንድ የትምህርት ዓይነት አንድ መምህር ነው ያለው። የፊዚክስ መምህራችን ዝውውር አግኝቶ ሲሄድ ፊዚክስ አብሮት ሄደ። ተተኪ እስኪመደብ አንድ መንፈቅ ዓመት አለቀ። በከተማ ትልቅ ትምህርት ቤት ይህ አይታወቅም፤ ሌላው መምህር ክፍሉን ይሸፍናል። እኛ ጋ የሚሸፍን የለም። እኔ ገብቼ የምችለውን ሞከርኩ፤ ግን የፊዚክስ መምህር አይደለሁም። መምህር የሚመደበው በሴክሽን ብዛት ነው። 9ኛ ክፍል ሦስት ሴክሽን ሆኖ የተመዘገበ ዓመት ሁለት የሒሳብ መምህር ይገባናል። ሁለት ሴክሽን ሲሆን አንድ። ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ድጎማ፣ የስኩል ግራንት ብሩም በተማሪ ቁጥር ነው የሚሰላው። ስለዚህ አንድ አባት የልጃቸውን ወረቀት ይዘው ሲወጡ ከልጅቷ ጋር ትንሽ ጠመኔ፣ ትንሽ ወረቀት፣ የአንድ መምህር ስባሪ አብሮ ይወጣል። የቀሩት ልጆች በዚያ ልክ ይጎዳሉ።

መጽሐፍም እንዲሁ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ ገና አልደረሰም። በፒዲኤፍ ተጠቀሙ ተባለ። ስማርት ስልክ የነበረን እኛ መምህራኑ ነን፣ ሁላችንም አይደለንም። እኔ ከስልኬ እያነበብኩ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይገለብጣሉ። 40 ደቂቃው በመገልበጥ ያልቃል። ማስረዳቱ ለነገ ይቆያል። ትምህርቱ ደግሞ ከ9ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው። ምን እንደሚገለብጡ የማያውቁ ልጆች ነበሩ፤ ፊደሉን እንደ ሥዕል የሚስሉ።

እንግዲህ ወደ ዜሮው ልመለስ። በ2014 ከ1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላለፈም። በ2015 ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ እንዲሁ ሆኑ። ይህ ቁጥር ሲነገር አገር ደነገጠ። ይገባል። ግን ቁጥሩ ውስጥ ለትንሽ ትምህርት ቤት የተለየ ነገር አለ። ይህንን ለተማሪዎቼ ፕሮባቢሊቲ ሳስተምር በሰሌዳ ሠርቼላቸዋለሁ።

በአገሪቱ አማካይ ልክ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እናስብ። የባሰ አይደለም፣ የተሻለም አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ የማለፍ ዕድሉ 3.3 በመቶ ነው እንበል። ይህ ትምህርት ቤት 300 ልጅ ካስፈተነ አንድም ሳያልፍ የመቅረት ዕድሉ ከዜሮ ብዙም አይለይም። 30 ልጅ ካስፈተነ ግን ከሦስት ዓመት አንዱን ዜሮ ያመጣል። 20 ልጅ ካስፈተነ ደግሞ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፤ ዘውድ ከሆነ አንድ ያልፋል፣ ጎፈር ከሆነ ዜሮ። መምህሩ ያው፣ ሰሌዳው ያው። አንዱ በዜና ይጠራል፣ ሌላው አይጠራም።

ይህን የምለው ትንሽ ትምህርት ቤቶችን ነፃ ለማውጣት አይደለም። የገጠር ልጅ ዕድሉ ከአማካዩም በታች መሆኑን አውቃለሁ፤ ምክንያቱንም ከላይ ተናግሬያለሁ። የምለው ዜሮ የሚለው ቃል ከፈተናው በላይ ብዙ ነገር ስለሚያደርግ ነው። ቀበሌው ይሰማል። ገበያ ላይ ይወራል። "እዚያ ትምህርት ቤት የሚያልፍ የለም" ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት አቅም ያለው አባት ልጁን ደሴ ዘመድ ጋ ይልካል። የ8ኛ ክፍል ውጤቷ ከፍ ያለ ልጅ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች። አንዳንድ ልዩ አዳሪዎች ያስፈተኗቸውን በሙሉ ሲያሳልፉ አብረን እናጨበጭባለን። እኔም ሁለት ልጆችን አዳሪ እንዲገቡ አስጠንቼ ልኬያለሁ፤ አልቆጭም። ግን እነዚያ ሁለቱ ቢቀሩ በአራተኛው ዓመት የእኛ ትምህርት ቤት ዜሮ አይሆንም ነበር። ለልጆቹ የሚበጀው ለትምህርት ቤቱ አልበጀም። ይህን የሚፈታ ሰው ካለ ልሰማው እፈልጋለሁ።

ሌላም አለ። ዜሮው ውስጥ ያሉት ልጆች እኩል አይደሉም። ውጤታቸውን አንድ በአንድ አይቻለሁ። 40ዎቹ አካባቢ ያመጣ አለ። 20ዎቹን ያልነካ አለ። 40ዎቹን ያመጣው ልጅ 9ኛ ሲገባ አንድ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ማንበብ አይችልም ነበር። ያን ልጅ እዚያ ያደረሰው መምህርና ምንም ያልሠራው መምህር በሪፖርቱ ላይ አንድ ቁጥር ይጋራሉ። ልጁ በኋላ ሪሚዲያል፣ ማለፊያውን ላላመጡ ልጆች በተዘጋጀው የማካካሻ ትምህርት፣ ገባ። ለእሱ መልካም ሆነ። የትምህርት ቤቱ ዜሮ ግን ዜሮ ሆኖ ቀረ።

ከዜሮው በኋላ ምን ተደረገ? ስብሰባ ተጠራ። የ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጥ ተባለ፤ ቅዳሜና እሑድ። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹ ስንቅ ሊያመጡ ቤታቸው ናቸው። ይህን ስናገር "ስንቃቸውን የሁለት ሳምንት ይዘው ይምጡ" ያለ ሰው ነበር። የሁለት ሳምንት እንጀራ።

እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። ማጠናከሪያው ለ9ኛ ክፍል ይሁን አልኩ። በ12ኛ ክፍል ግንቦት ላይ ክፍልፋይ ማስተማር ከባድ ነው። በ9ኛ ክፍል ጥቅምት ላይ ቀላል ነው። ሦስት ወር እንግሊዝኛ ንባብና መሠረታዊ ሒሳብ ብቻ ይማሩ። "የ9ኛ ውጤት ማንም አይጠይቀንም" የሚል መልስ አገኘሁ። ከሁለት መምህራን ጋር ሆነን በራሳችን ጀመርነው። ሰኞና ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት፤ ስንቁ ገና ሳያልቅ። የመጡት ብዙ አልነበሩም። የመጡት ግን ዓመቱን ጨረሱ። አንድም አልቀረብንም። ለምን እንደሆነ ቆይቼ ነው የገባኝ። ልጅ የሚቀረው ድሃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ምንም ሳይገባው ስድስት ክፍለ ጊዜ ማሳለፍ ያደክማል፣ ያሳፍራል። ያን ልጅ የየካቲት ዘር ሲጠራው እፎይ ብሎ ነው የሚሄደው። የገባው ልጅ ግን አባቱን ይለምናል፤ "አባዬ፣ ቅዳሜ እዘራልሃለሁ፣ ሰኞ ልሂድ" ይላል። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በ2016 ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም። ወራት ጠበቅሁ። ከዚያ ወደ ደሴ መጣሁ። አሁን በግል ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። እዚህ ሐሙስ ከሰዓት የሚያንቀላፋ ልጅ የለም። ከዚያ ከወጡት መምህራን አንዱ እኔ ነኝ፤ የፊዚክሱን መምህር ስወቅስ ይህን አልረሳም።

መስከረም 2018 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ እዚያ ለቀረው የኬሚስትሪ መምህር ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው "አንድ አለፈች" አለኝ። ሴት ናት። ያኔ ከ9ኛ ክፍል ከፍ ብላም ሰኞና ማክሰኞ ከሚመጡት አንዷ ነበረች። እስከ ማታ ድረስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

በሳምንቱ ራሱ ደወለልኝ። ምዝገባ ከተዘጋ በኋላ ሰዎች እየመጡ ነው አለኝ። ቀርተው የነበሩ ልጆች። 8ኛን ጨርሰው ቤት የዋሉ ልጆች። መዝገቡን መልሰው ከፈቱት። ከመጡት መካከል ያ አባት ነበሩ። ልጅቷ ሪያድ ናት። አሁን ያመጡት ታናሽ ወንድሟን ነው።

"ምን አሉ?" አልኩት።

"ምንም አላሉም። 'ያለፈችው ልጅ የማን ናት?' ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። 'አባቷን አውቀዋለሁ፣ እንደ እኔው ነው' አሉ። ከዚያ የልጁን ስም አስጻፉ።"

9ኛ ክፍል ሦስተኛ ሴክሽን ሊሆን ጥቂት ልጅ ነው የሚጎድለው አለኝ። የሒሳብ መምህር ማን እንደሆነ ጠየቅሁት።

ገና አልተመደበም።